ያልታየ ሞት አይለቀስም

ሁመድ ሞተ የሚለውን ወሬ ያገኘሁት ከቴሌግራም ነው። የትምህርት ክፍላችን ግሩፕ ላይ አንዱ መምህር የሁመድን ፎቶ ለጠፈና ከሥሩ ሻማ ደርድሮ "ወንድማችንን አጣን" ብሎ ጻፈ። ፎቶው ለአንድ ጡረታ ወጪ በተደረገ ሽኝት ላይ የተነሳ ነው። ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ቆርጠው ሲያወጡኝ ትከሻዬ ቀርቷል። አፍታም ሳይቆይ "ነፍስ ይማር" መውረድ ጀመረ። በሕይወቱ ሳለ በኮሪደሩ ሲመጣ እያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሁሉ ዋና አልቃሽ ሆኑ።

እኔ "ማን ነገረህ?" ብዬ ጻፍኩ።

"ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፣ ወይዘሮ ታደለች።"

"የትኞቹ ሰዎች? ሲሞት አይተዋል? ሲቀበር አይተዋል?"

"ኧረ ታዱ፣ አሁን የክርክር ጊዜ አይደለም። ቤተሰቡን ያጽናልን እንበል።"

የትኛውን ቤተሰብ? ከመካከላቸው የሁመድን እናት ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ቢገኝ ጸጉሬን እላጫለሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ሰው ሞተ ሲባል ይለቀሳል እንጂ ይናደዱበታል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ሟቹ ነው። ሟች ከሆነ ማለቴ ነው።

እኔ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ነኝ። ሐዋሳ ተወልጄ፣ ሐዋሳ አግብቼ፣ ከአንድ ወንበር ሳልነሳ ስንቱን ኃላፊ ሸኝቻለሁ። በጸሐፊ ጠረጴዛ በኩል የማያልፍ ወሬ የለም። ማን ከማን ጋር ተኳረፈ፣ የማን ዕድገት ታገደ፣ የማን ሚስት ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች፣ ሁሉም መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር በዚህ አላፍርም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ሁመድ መጀመሪያ የመጣ ቀን ኃላፊውን ሊያነጋግር ፈልጎ በሩ ላይ ቆመ። ቀጭንና ረጅም፣ በዚያ ሁሉ ከረባት መካከል ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው ነው። ስለ ግመልና ፍየል እርባታ ሊያስተምር ነው የተቀጠረው።

"ዶክተር የሉም፣ ስብሰባ ገብተዋል" አልኩት።

"ሲገቡ አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?" አለኝ።

እንዴት ነደደኝ! ውሸታም ያለኝ መሰለኝ። "ሰምቼ ነው፣ ምን ልትሆን?" አልኩት። እሱ ግን በጣም በትሕትና "ከማን?" አለኝ። ከተላላኪዋ ነው የሰማሁት። ወርዶ ተላላኪዋን ጠየቃት፤ እሷ ከሹፌሩ ነው የሰማችው። ሹፌሩን ጠየቀው። ዶክተሩ ስብሰባ ሳይሆን ጸጉር ቤት ነበሩ። ሁመድ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ተመልሶ መጥቶ "ይቆያሉ፣ ነገ እመጣለሁ" ብሎኝ ሄደ። ሹፌሩ ነው በኋላ እየሳቀ የነገረኝ።

ሁመድ አፋር ነው፤ አፋሮች እንዲህ ያለውን የወሬ ሥርዓት ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም፤ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቁጭ ብለው ወሬ ይሰጣጣሉ። መጀመሪያ በዐይን የታየ ይነገራል፣ ቀጥሎ የተሰማ፣ የተሰማው ደግሞ ከማን እንደተሰማ። ሣሩ የት በቀለ፣ ማን ወለደ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ሞተ። የሰጠ ይቀበላል፤ የተቀበለም በመንገዱ ላገኘው ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል። መደበቅም ማጣመምም ነውር ነው፤ በጎሳ ሽማግሌ ፊት ያስጠይቃል። ሁመድ ይህንን ሁሉ ያስረዳኝ ሻይ እያጠጣሁት ነው። እኔም "እኛ ሐዋሳ ያለን ዳጉ ከሆነማ ሽማግሌዎቻችሁ ግቢውን በሙሉ ይዘጉት ነበር" አልኩት።

ቀልዴ እውነት የሆነበት ጊዜም መጣ። ለመምህራን የቤት መሥሪያ ቦታ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ቱላ በኩል ነው ተባለ፤ ተሸንሽኗል ተባለ። ሰው ቅዳሜን ጠብቆ በባጃጅ እየሄደ የማያውቀውን የእንሰት ማሳ እያየ "የኔ የጥጉ ቢሆን" ማለት ጀመረ። ሁለት መምህራን ገና ባልተሰጣቸው መሬት ተጣልተው መነጋገር አቆሙ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም የሚባለው ለካ ለእኛ ነው። ሁመድ ብቻ "ማን አየ?" እያለ ወሬውን እየተከተለ ከሰው ወደ ሰው ወደ ኋላ ሄደ። መጨረሻ የደረሰው የአንዱ መምህር ሚስት ዘንድ ነው። ሴትዮዋ በሰፈር የጸሎት ኅብረት ላይ ተነስታ "ጌታ ቦታ ሰጥቶናል፣ በእምነት ተቀብለናል፣ አሜን በሉ!" ብላ ነበር። አሜን ያሉት ሰዎች ቤታቸው ሲደርሱ እምነቱን ትተው ቦታውን ብቻ አወሩ።

እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆንኩ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ግቢው ግን አልሳቀም። ሰው ተስፋውን የነጠቀውን አይወድም፤ መሬቱን የከለከላቸው ሁመድ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "መርማሪው" የሚል ስም ወጣለት፤ እሱ ሲመጣም ወሬ መቋረጥ ጀመረ።

እናቱን ያነሳልኝ ሐይቅ ዳር ነው። ከስብሰባ በኋላ ከሠራተኛው ጋር ዓሣ ልንበላ ወርደን፣ እሱ ውሃው አጠገብ ቆሞ ቀረ። "ይሄ ውሃ አይሸትም" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ለካ እንደ ባሕር ማለቱ ነው፤ የተወለደው ከአሰብ ወዲያ በሚገኝ የባሕር ዳር መንደር ነው። ልጅ ሳለ አባቱ እንዲማር ብሎ ወደዚህ፣ አሳይታ ወዳለው አጎቱ ዘንድ አመጣው። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ድንበሩ ተዘጋ። አባቱ ወዲህ ሞተ። እናቱ ወዲያ ቀረች። ስሟ ዘህራ ነው።

"ስትመጣ ድንበሩን አላየኸውም?" አልኩት።

"አላየሁም። ያየሁት እናቴ ውሃ እስከምንቀዳበት ጉድጓድ ድረስ ሸኝታኝ መመለሷን ነው። ድንበር አየሁ ብልሽ ውሸት ነው።"

አንዱ የአጎቱ ልጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ከእናቱ መንደር ዓሣ ያጠምዳል፣ እሱ ሐዋሳ ያስተምራል። ሦስት ባንዲራ፣ ሦስት መታወቂያ። "ግን ቅድመ አያቶቻችንን ስንቆጥር ሦስታችንም እኩል ነው የምንደርሰው" ይለኝ ነበር። "ትምህርት ቤት ለየብቻ ሦስት ታሪክ አስተምረውናል። ከብቶቹ ያለቁበትን ድርቅ ግን ሦስታችንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው።"

በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ሰው ወደ ዘመዱ ሲሄድ እሱም ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ድንበሩ ይወርዳል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከወዲያ የመጣ ግመል ነጂ ይጠብቃል። እናቱን ያየ ሰው፣ ወይም ያያትን ሰው ያየ ሰው። ሲመለስም ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔም እንደ ተከታታይ ድራማ እጠብቀው ነበር። ፍየል ገዝታለች። ቤቷን ወደ ዳገቱ አዛውራለች። አንድ ዐይኗ አይጠራም። የፊት ጥርሷ ወልቋል። የእኔ እናት ቱላ ናት፤ በባጃጅ ነው የምደርስባት። ጥርሷ መውለቁን የነገረኝ ግን ወንድሜ ነው። ሁመድ የማያያትን እናቱን ከእኔ ይልቅ ያውቃታል ብዬ ስናደድ ባጃጅ ይዤ ወደ ቱላ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ ድንበሩ ተከፈተ ተብሎ አገር ሲጨፍር ሁመድም ዕቃውን ሸከፈ። መንገድ ላይ ሳለ ተመልሶ ተዘጋ። ሲመጣ ሻንጣውን ፈትቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን ያን ቀን ድንበር የሚከፍቱትንም የሚዘጉትንም እኩል ሰደብኳቸው። በር እንኳ ሲዘጋ "ማን አለ ውጭ?" ይባላል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ ልምጣ።

በአንድ ሴሚስተር እኩሌታ ላይ፣ ጅቡቲ ያለው የአጎቱ ልጅ ደወለና "እናትህ ሞታለች ይላሉ" አለው። ሁመድ በስልኩ ሲነጋገር የእኔ ቢሮ ነበር። በቋንቋቸው ስለተነጋገሩ አልገባኝም፤ ፊቱን አይቼ ግን ተነሳሁ። "ምንድን ነው?" ስለው "እናቴ ሞታለች የሚሉ አሉ" አለኝ። እኔም አላስጨረስኩትም፤ እሪ አልኩ። ጩኸቴን ሰምቶ ክፍሉ ሁሉ ተሰበሰበ። በማግስቱ መናኸሪያ አጠገብ የተከራየው ቤት ደጃፍ ላይ የሰፈሩ እድር ድንኳን ጣለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው መጡ። ዶክተሩም ጥቁር ኮት ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። መቼም ሰዋችን ለሐዘን አይታማም፤ መርማሪው ያሉት ሁሉ ሳይቀሩ መጡ።

ሁመድ ከቤቱ ወጥቶ ድንኳኑን አየ። ከዚያ በሁላችንም ፊት "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አልቀመጥም" አለ።

ንፍሮ የምታድለው ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች።

"እናቴ አልሞተችም አላልኩም። ማን እንዳየ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ ከሰው ሰማ፤ ያ ሰው ከማን እንደሰማ አያውቅም። ይህ ዳጉ አይደለም።"

የእድሩ ዳኛ አዛውንት ናቸው። "ልጄ፣ ሐዘን ሲደርስ ልብ አልቀበል ይላል። ሁላችንም አልፈንበታል። ቁጭ በል፣ እንባህ ይውጣ" አሉት።

"አባቴ፣ እንባዬ አለ። ግን እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ፣ የቆመችን እናት ቀብረው ነገ ብትመጣ ምን ብለው ያነሷት ነበር?"

ድንኳኑ ፈረሰ። ንፍሮው በመጣበት ሳፋ ተመለሰ፤ የተመለሰ ንፍሮ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ሴቶቹ "ልቡ ድንጋይ ነው" አሉ። አንዱ መምህር ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናቱ ኤርትራ ናት አሉ። እሱስ የየት ሰው ነው?" አለ። ዞሬ "አንተስ የየት ሰው ነህ? ልቅሶ ቤት መጥተህ አገር የምትጠይቅ!" ብዬ ጮህኩበት። ሁመድንም አልማርኩትም፤ ሰው ከሄደ በኋላ የአፌን ነገርኩት። "ቢያንስ ሰዉን ባታሳፍር ምን ነበረበት? ትንሽ ብትቀመጥ ምን ይጎድልሃል?" አልኩት።

"እናቴ ትጎድለኛለች" አለኝ።

ከዚያ ሄጄ ልይ አለ። ፈቃድ ጠየቀ። እኔም እዚያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛዬ ላይ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። በዐይኔም አይቻለሁ፤ በሩ ክፍት ነበር።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም። "ሁመድ፣ እኔ እንድትሄድ እፈልጋለሁ" አሉት። "እናቴ ሞታለች በለኝ፤ የሐዘን ፈቃድህን አሁኑኑ እፈርማለሁ።"

"ዶክተር፣ መሞቷን አላውቅም።"

"እሺ፣ ታማለች በለኝ።"

"መታመሟንም አላውቅም።"

"ታዲያ በምን ምክንያት ልስጥህ?"

"ለማወቅ።"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለማወቅ የሚባል ፈቃድ የለም" አሉት።

ተከትዬው እስከ ግቢው በር ሮጥኩ። ለመንኩት። "አንድ ቃል ናት! ሞታለች በልና ሂድ፤ ሄደህ በሕይወት ብታገኛት ማን ይከስሃል? እሷ ራሷ ትስቃለች!" አልኩት። እሱ ቆመና "ታደለች፣ ይህን ቃል እኔ ከተናገርኩ ከእኔ የሰማ ሰው ሁሉ ልጇ ራሱ ተናገረ ይላል። ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፣ ወደ ሰመራ ይሄዳል። ከልጅ የሚበልጥ ምስክር የለም። እኔ ነኝ የምገድላት" አለኝ። ከዚህ በኋላ መከራከር ውሃ መውቀጥ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ያለ ፈቃድ ሄደ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሻንጣ ነበረው፣ መጽሐፎቹን ለእኔ ትቶልኛል። "ሥራህን ታጣለህ" ስለው "ሌላ ሰው ያስተምረዋል" አለኝ። እውነትም ብዙ ሳይቆይ በቦታው ሌላ ሰው ተቀጠረ። ስልኩ ከሰመራ አንድ ጊዜ ሠራ፣ ከዚያ ጠፋ። ዓመት አለፈ። ግቢው ረሳው። እኔም በተናደድኩ ቁጥር ካልሆነ አላነሳውም ነበር፤ እናደድ የነበረው ግን በየቀኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው ያ የቴሌግራም ሻማ የመጣው። ግሩፑ ሁለት ቀን አለቀሰና ወደ ደመወዝ ጭማሪ ወሬ ተመለሰ። እኔ ብቻ ሳላለቅስ ቀረሁ። ባለቤቴ "እንዲህ የምትወጂው ሰው ሞቶ እንዴት ዐይንሽ ደረቀ?" ሲለኝ "ማን አየ?" አልኩት። ተስፋ ቆርጦ ራሱን ነቀነቀ።

አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሳምንት አንድ ሰው ቢሮዬ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሽርጥ ላይ ኮት ደርቧል። ልጁ እዚህ ተመድባ ሊያደርሳት ነው የመጣው፤ እሷን ማደሪያዋ አስገብቶ ብቻውን ነው እኔን ፍለጋ የወጣው።

"ታደለች አንቺ ነሽ? ሁመድ የነገረኝ?"

ብድግ አልኩ። "ሁመድ? የት ነው ያለው? ሞቷል የሚሉት እውነት ነው?"

"ቁጭ በይ" አለኝ። "ዳጉ ቆሞ አይነገርም።"

በሩን ዘጋሁ። ተቀመጥን። ስሙን ዓሊ ብሎ ነገረኝ፣ የአባቱን ስም፣ የጎሳውን ስም። አማርኛው ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከማውጣቱ በፊት ያያታል።

"መጀመሪያ ያየሁትን" አለ። "የጠፋ ግመል ፍለጋ ተሻገርኩ። ባሕሩ ዳር ዘህራ ቤት አደርኩ። ዘህራን አየሁ። ተቀምጣ ሰሌን ትሠራ ነበር።"

"አልሞተችም?"

"አታቋርጪኝ። ሁመድን አየሁ። ውሃ ተሸክሞ መጣ። ሦስታችን አብረን በላን። ሐዋሳ ታደለች የምትባል ሴት አለች፣ ከሄድክ እናቴን አገኘኋት በላት፣ አለኝ። ይህን ከራሱ አፍ ሰማሁ። ግመሌን አግኝቼ ተመለስኩ።"

ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። አግኝቷታል! ድንኳን የጣልንላት፣ ንፍሮ የቀቀልንላት ሴት ሰሌን ትሠራ ነበር። በደስታ ልጮህ ስል ዓሊ እጁን አነሳ።

"በሌላ ጊዜ ደግሞ ተሻገርኩ። ሁመድ የለም። ሲሞት አላየሁም። መቃብሩን አይቻለሁ፤ ድንጋዩን በእጄ ነክቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከዘህራ ነው የሰማሁት። ትኩሳት ያዘው አለች። በወዲያ በኩል ሐኪም ያለበት ሩቅ ነው። ቅርቡ ጤና ጣቢያ ከድንበሩ ወዲህ ነው፤ መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግመል ጭነው አመጡት። ወታደሮቹ በዚያ ሰሞን ማንንም አያሳልፉም ነበር፤ መለሷቸው። በመመለሻው ላይ ሞተ። እሷ አብራው ነበረች፤ እሷ አይታለች። ይኸው ነው። ያላየሁትን አልጨመርኩም።"

ያኔ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያ ሁሉ የዘገየ እንባ አንድ ላይ መጣ። ዓሊ አላጽናናኝም፣ በቃሽም አላለኝም፤ እስክጨርስ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለቅሶው ሲቀልልኝ ንዴቱ ተተካ። በሐዋሳ በየመታጠፊያው ፋርማሲ አለ፤ ለትኩሳት የሚሆን ኪኒን ከሸንኮራ ጋር የሚሸጡ ይመስላል። የጤና ጣቢያውን ጣራ እያየ፣ የገዛ አገሩን ጣራ እያየ፣ ሂድ ከዚህ ተብሎ! ጉድጓዱ የአያቱ፣ መንገዱ የአያቱ፣ ወዲህም አጎቱ ወዲያም እናቱ። ማንን ልስደብ? ስም ያለው ሰው ብፈልግ አላገኘሁም። የተከለከለበት ነገር ስም እንኳ የለውም፤ "በዚያ ሰሞን" ብቻ ነው የሚባለው።

"አሁን አንቺ ስጪ" አለኝ ዓሊ።

"ምን ልስጥ?"

"ዳጉ። እኔ ሰጥቻለሁ። ዘህራ የላከችኝ ልነግርሽ ብቻ አይደለም፤ ይዤላት እንድመለስ ነው። ልጇን ሕፃን ሳለ ታውቀዋለች። በመጨረሻም ጥቂት ወራት አገኘችው። መሃሉ የላትም። መሃሉን ያያችሁት እናንተ ናችሁ።"

እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። "ሁመድ በጣም መልካም ሰው ነበር፣ እውነተኛ" ብዬ ጀመርኩ።

"መልካምነቱን እሷ ታውቃለች። ያየሽውን።"

የማወራው ሞልቶኝ ያደግሁ ሴት አፌ ተያዘ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ሁመድ ስንት ነገር ተወርቷል፤ መርማሪ ነው፣ ልቡ ድንጋይ ነው፣ የየት ሰው ነው። ይህን ሁሉ ወደ ጎን ባደርገው በዐይኔ ያየሁት ምን ቀረኝ? እንባዬ እንደገና ሊመጣ ሲል ነው አንድ ቀን ትዝ ያለኝ።

"ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ አይቼዋለሁ" አልኩት። "እዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች አሉ፤ ሰው አይፈሩም። ሁመድ የተጠበሰ ዓሣ ይዞ ሲያወራ አንዱ ከኋላው መጥቶ ነጠቀው። ሁመድም ጭራውን አልለቅም አለ። እሱ ይጎትታል፣ አሞራው ይጎትታል፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ ዓሣው ለሁለት ተቆረጠ። ሁመድ በጀርባው መሬት ላይ ወድቆ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሲስቅ አይቻለሁ።"

ዓሊ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በቋንቋው ደገመው፤ አሞራውን፣ መጎተቱን፣ ሳቁን። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"የዓሣውን ጭራ የያዘው በየትኛው እጁ ነበር?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ልቆጣ ነበር። ግን ወደዚያ ቀን ተመለስኩ፤ ውሃው ከኋላችን፣ እኔ በስተቀኙ፣ አሞራው ከወዲያ በኩል። ሁልጊዜ በቀኙ ነበር የሚበላው፣ በጣም ተጠንቅቆ። ሲደነግጥ ግን ሌላኛው እጁ ነው የቀደመው።

"በግራው" አልኩት። "በግራ እጁ ነው የያዘው።"

"ዘህራ በግራው እንዳይበላ ግራ እጁን እየመታች ነው ያሳደገችው" አለኝ። "ብዙ ሰው ልጅሽን አውቀዋለሁ እያለ ይመጣል፣ በእውነት ያየው ግን የትኛው እጁ እንደሚቀድም ይነግርሃል፣ ካልነገረህ ወሬውን አታምጣልኝ ብላኛለች።"

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

"አይተሽዋል" አለኝ። "ቀጥይ።"